የኅዳር አውሎ ሲመጣ፦ በኖርዌይ ምዕራብ ዳርቻ ለምትኖሩ ዝርዝር መመሪያ

አገር ቤት ኅዳር ሲባል ሰማዩ የጠራ ነው፣ ጤፉ ይታጨዳል። እዚህ ኦሌሱንድ አካባቢ ግን በኅዳር ዝናቡ ከላይ ሳይሆን ከጎን ይመጣል። ሌሊት ቤቱ ይንቀጠቀጣል፣ ፌሪው ይቆማል፣ መብራት ይሄዳል። በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ደግሞ መጨለም ይጀምራል።

እኔ የመጣሁት እ.ኤ.አ. በ2011 መፀው ነው። ኖቬምበር 25 ላይ ቤሪት የሚሏት አውሎ መጣች። ልክ በወሩ፣ በፈረንጆቹ ገና ሌሊት፣ ዳግማር መጣች። የዳግማር ሌሊት መብራት ሲሄድ ቤቴ ውስጥ ባትሪ የለም፣ ሻማ የለም፣ ስልኬ ሊዘጋ ምንም አልቀረውም፣ ማሞቂያው በኤሌክትሪክ፣ ምድጃው በኤሌክትሪክ። ጋቢ ተከናንቤ ጨለማ ውስጥ ቁጭ አልኩ። በር ተንኳኳ። ከታች ቤት የምትኖረው አሮጊት ጎረቤቴ ናት፣ በአንድ እጇ ፔርሙዝ፣ በሌላው ባትሪ ይዛለች። መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ውሃ ቀድተሻል?» ብላ ነው። አልቀዳሁም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ብዙ አውሎ አልፎብኛል፣ አንድ ነገር ገብቶኛል። እዚህ አገር አውሎ በድንገት አይመጣም። ብዙ ጊዜ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ መምጣቱን ይናገራል። ሥራው ሁሉ የሚሠራው በእነዚያ ሁለት ቀናት ነው፤ ንፋሱ ከተነሳ በኋላ የሚሠራ ሥራ የለም፣ ቤት መቀመጥ ብቻ ነው። ስለዚህ መመሪያውን በጊዜ ቅደም ተከተል ነው የጻፍኩት።

መጀመሪያ ትንበያ ማንበብ ልመዱ

ይሄ ከሁሉም ይበልጣል፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ስልካችሁ ላይ ዩር የሚባለውን መተግበሪያ ጫኑ። የኖርዌይ ሜትዮሮሎጂ ተቋምና ብሔራዊው ጣቢያ ኤንኤርኮ አብረው የሚያቀርቡት ነው፣ በነጻ። ብዙዎቻችን የዲግሪውን ቁጥር ብቻ አይተን እንዘጋዋለን። እዚህ ዳርቻ ላይ ግን ዲግሪው ያን ያህል አይነግራችሁም። ከአትላንቲክ የሚመጣው ሞቃት የባህር ሞገድ ስላለ በኖቬምበር ቴርሞሜትሩ 5 ወይም 6 ዲግሪ ሊያሳይ ይችላል፣ «ደህና ነው» ብላችሁ ትወጣላችሁ፣ ንፋሱና እርጥበቱ አጥንት ድረስ ይገባል። መታየት ያለበት ንፋሱ ነው።

የንፋሱ ቁጥር በሜትር በሰከንድ ነው የሚጻፈው። ሁለት ቁጥር ታያላችሁ፣ አንዱ በቅንፍ ውስጥ። ከቅንፍ ውጭ ያለው የ10 ደቂቃ አማካይ ነው። በቅንፍ ያለው ቪንድካስት ይባላል፣ ድንገት የሚመታው ግፊት ማለት ነው። ሰው የሚጥለው፣ የመኪና በር የሚገነጥለው፣ ጣራ የሚያነሳው ይሄ በቅንፍ ያለው ነው።

አማካዩ እስከ 10 ከሆነ ለዚህ ሰፈር ተራ ቀን ነው። ወደ 14 ሲጠጋ ስቲቭ ኩሊንግ ይሉታል፣ ዛፍ በሙሉ ይወዛወዛል፣ ንፋሱን ፊት ለፊት ገጥሞ መሄድ ያደክማል። ከ17 በላይ ቅርንጫፍ ይሰበራል። ከ20.8 ጀምሮ ስሙ ራሱ ስቶርም ነው፣ በሰዓት 75 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው፣ የጣራ ክዳን መነቀል ይጀምራል። 24.5 ሲያልፍ ዛፍ ከነሥሩ ይወድቃል። ከ32.6 በላይ ኦርካን ይባላል። እኔ ለራሴ ያወጣሁት ደንብ ቀላል ነው፦ በቅንፍ ያለው 20 ካለፈ ግቢዬን አያለሁ፣ 25 ካለፈ ጉዞ እሰርዛለሁ።

ከቁጥሩ ሌላ የአደጋ ማስጠንቀቂያ ቀለም አለ፦ ቢጫ፣ ብርቱካናማ፣ ቀይ። ቢጫ በመፀው ብዙ ጊዜ ስለሚመጣ ሰው ይለምደውና ይንቀዋል። አትናቁት፣ ቢያንስ ከፍታችሁ አንብቡት፤ ምን ሰዓት እንደሚጀምር፣ ከየት አቅጣጫ እንደሚመጣ ይጽፋል። ብርቱካናማ ሲሆን ዕቅድ ቀይሩ። ቀይ በጣም ጥቂት ጊዜ ነው የሚወጣ፣ ሲወጣ ከቤት አትውጡ። ከባድ ሆኖ ጉዳት ያደርሳል ተብሎ ሲገመት ለአውሎው ስም ይሰጡታል፣ ከ1995 ጀምሮ እንዲህ ነው፣ በፊደል ተራ፣ አንዴ የሴት አንዴ የወንድ። በ2011 ከቤሪት ቀጥሎ ካቶ፣ ከካቶ ቀጥሎ ዳግማር ነበረች። ስም ከወጣለት ቀላል አይደለም ማለት ነው።

አቅጣጫውንም እዩ። በመፀው መጨረሻ ሰሜኑ እየቀዘቀዘ ደቡቡ ገና ሙቀቱን ስላልለቀቀ፣ ሁለቱ አየሮች አትላንቲክ ላይ ሲገናኙ ዝቅተኛ ግፊት ይፈጠራል፣ በአይስላንድ በኩል አድርጎ ወደ እኛ ይመጣል። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ከደቡብ ይነፍሳል፣ ዝናብ ይዞ። ከዚያ ለጥቂት ጊዜ ዝግ ይላል። ሰው «አለፈ» ብሎ ውሻውን ይዞ ይወጣል። ያኔ ንፋሱ ወደ ምዕራብና ሰሜን ምዕራብ ይዞርና ከበፊቱ ብሶ ይመጣል፣ አሁን ደግሞ በሌላኛው የቤቱ ጎን። መሀል ላይ ያለው ጸጥታ እንዳያታልላችሁ። መጠናቀቁን የሚነግራችሁ ዩር እንጂ መስኮት አይደለም።

ባህር ዳር የምትኖሩ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የአየር ግፊቱ በ1 ሄክቶፓስካል ሲወርድ ባህሩ በ1 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ግፊቱ ወደ 960 ሲወርድ በዚህ ብቻ ግማሽ ሜትር ገደማ ይጨምራል ማለት ነው፣ ንፋሱ የሚገፋው ውሃ ሳይቆጠር። ሙሉ ጨረቃ ወይም አዲስ ጨረቃ ከገጠመ ይብሳል። በርገን ከተማ ብሪገን በሚባለው የድሮ ወደብ ውሃ መንገድ ላይ ሲወጣ በዜና የምታዩት ለዚህ ነው። የአገሪቱ የካርታ ተቋም ሴ ሀቭኒቮ የሚባል ገጽ አለው፣ የሰፈራችሁን ስም አስገብታችሁ ውሃው ስንት ሰዓት ላይ ከፍ እንደሚል ታያላችሁ።

ጥቅምት ላይ፣ ገና ሳይጀምር

ልብስ። ብር ካላችሁ ጃኬቱ ላይ ሳይሆን የውስጥ ልብሱ ላይ አውጡት። ከሰውነት የሚነካው ሱፍ ይሁን፣ ረጅም እጅጌ ካናቴራና ረጅም የውስጥ ሱሪ። ሱፍ ቢረጥብም ያሞቃል። ጥጥ ግን ውሃውን ይዞ ሰውነት ላይ ይለጠፍና ሙቀታችሁን ይወስዳል። ጋቢያችን ጥጥ ነው፤ ቤት ውስጥ ወደር የለውም፣ ውጭ ግን ከካፖርት ስር ብትለብሱት አይጠቅማችሁም። ከሱፉ በላይ ሹራብ፣ ከሹራቡ በላይ ውሃ የማያስገባ የዝናብ ልብስ፣ ሱሪውም ጭምር። እግር ላይ የጎማ ቦት፣ ውስጡ የሱፍ ካልሲ እንዲገባ አንድ ቁጥር ከፍ ያለ። ጃንጥላ አትግዙ። በመጀመሪያው ቀን ይገለበጣል።

ልጆች ያሏችሁ፣ መዋዕለ ሕፃናቱ ልጆቹን በዝናብም ያወጣቸዋል፣ ሲያዩት ያስደነግጣል ግን የተለመደ ነው። የሚያሳምማቸው ዝናቡ ሳይሆን የረጠበ ጥጥ ለብሰው መዋላቸው ነው። ሁለት ጥንድ የሱፍ ልብስ ስማቸውን ጽፋችሁበት እዚያ አስቀምጡ።

አንጸባራቂ። ጥቁር ካፖርት ለብሶ በጨለማ መንገድ ዳር የሚሄድን ሰው ሾፌር በአጭር መብራት የሚያየው ከ25 እስከ 30 ሜትር ሲደርስ ነው። አንጸባራቂ ካለበት ከ140 ሜትር ያህል ያየዋል። በዝናብና በንፋስ ደግሞ እናንተም አንገታችሁን ደፍታችሁ ስለምትሄዱ መኪናውን አትሰሙትም። ለእያንዳንዱ ጃኬት አንድ አንድ አድርጉ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው እያዛወራችሁ መርሳት አይቀርም።

የመኪና ጎማ። ከኖቬምበር 1 ጀምሮ ባለ ምስማር ጎማ ይፈቀዳል፣ በኑርላንድ፣ በትሮምስና በፊንማርክ ደግሞ ከኦክቶበር 16። የክረምት ጎማ ጥልቀቱ ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ጎማ ቤት ቀጠሮ በጊዜ ያዙ፣ የመጀመሪያው በረዶ ሲታይ ሁሉም ሰው አንድ ቀን ነው የሚሄደው።

አሸንዳ። የግል ቤት ያላችሁ፣ ቅጠል ረግፎ ሲያበቃ መሰላል አውጥታችሁ አሸንዳውን ጥረጉ፣ ጎርፍ መውረጃውንም እንደዚያው። አንድ ዓመት ይሄን ችላ ብዬ ውሃው በግድግዳው ወርዶ ምድር ቤት ገባብኝ፣ ከአገር ያመጣሁት የሰርግ አልበም አብሮ ሄደ።

ቫይታሚን ዲ። በዚህ ወቅት ፀሐይ ብትወጣ እንኳ ጉልበት የላትም፣ ጠቆር ያለ ቆዳ ደግሞ ከፀሐይ ቫይታሚን ለመሥራት ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። ሐኪማችሁን ደም መርምሩልኝ በሉት፣ ለልጆችም ጠይቁ። እዚህ ያሉ ሰዎች ትራን የሚሉትን የአሳ ጉበት ዘይት ስማቸው ላይ «ር» ባለባቸው ወራት፣ ከሴፕቴምበር እስከ አፕሪል፣ በየጠዋቱ ይጠጣሉ። ጣዕሙ ይለመዳል።

ለአንድ ሳምንት የሚሆን ዕቃ

በ2024 መንግሥት ለየቤቱ መጽሔት ልኳል፣ እያንዳንዱ ቤት ለአንድ ሳምንት ራሱን ችሎ እንዲቆይ የሚል። በኖርዌይኛ ስለሆነ ብዙ ሰው ሳያነበው ጥሎታል። ዋና ዋናው ይሄ ነው። ለአንድ ሰው 20 ሊትር ውሃ፣ በንጹህ ጀሪካን። ለሳምንት የሚበቃ የማይበላሽ ምግብ። ባትሪና ተጨማሪ ድንጋይ፣ ክብሪት፣ ሻማ፣ የሞላ ፓወር ባንክ፣ ብርድ ልብስ፣ የመጀመሪያ እርዳታ ዕቃ፣ የምትወስዱት መድኃኒት፣ ጥቂት ጥሬ ገንዘብ። በድንጋይ የሚሠራ ሬዲዮም። ሬዲዮው ዳብ የሚባለው ዓይነት ይሁን፣ ምክንያቱም አገር አቀፍ ጣቢያዎቹ በ2017 ከኤፍኤም ወጥተዋል፣ ከአገር ያመጣችሁት አሮጌ ሬዲዮ ኤንኤርኮን አይዝላችሁም። መብራት ጠፍቶ ብዙ ሰዓት ከቆየ የስልክ ማማዎቹም ድንጋያቸው ያልቅና ኔትወርክ ይጠፋል፣ ያን ጊዜ የሚቀራችሁ ሬዲዮው ነው።

ምግቡን በተመለከተ እኛ የታደልን ነን። በሶ እሳት አይፈልግም፣ በቀዝቃዛ ውሃ ትበጠብጡታላችሁ ወይም በማር ትጨብጡታላችሁ። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጭኮ፣ ድርቆሽ፣ ሁሉም ለረጅም መንገድ የተሠራ ምግብ ነው፣ ለእንዲህ ያለው ሳምንት ከቆርቆሮ ባቄላ ይሻላል። እኔ አንድ ባልዲ ክዳን ያለው በሶና ቆሎ ደረጃ ስር አስቀምጣለሁ፣ በየፋሲካው አውጥተን እንበላዋለን፣ መስከረም ላይ አዲስ እሞላበታለሁ።

ሁለት ቀን ሲቀር

ትንበያው ከጠነከረ ዛሬ ሱቅ ሂዱ፣ ነገ አይደለም። ደሴት ላይ ከሆናችሁ ፌሪው ቆሞ ሱቁም ዳቦ ሊጨርስ ይችላል። መድኃኒት ቤት ሂዱ። እንጀራ ጋግሩ፣ ምጣዱ በመብራት ነው የሚሠራው።

ከዚያ ግቢ ውጡ። ንፋስ የሚያነሳውን ሁሉ በዓይናችሁ ፈልጉ፦ ወንበር፣ የአበባ ማሰሮ፣ የልጅ ብስክሌት፣ የቆሻሻ ገንዳ፣ የሥጋ መጥበሻው ምድጃ። ትራምፖሊን ያላችሁ ፍቱትና አስገቡት፣ ማሰር ብዙ ጊዜ አይበቃም፣ ሸራው እንደ ክንፍ ነው የሚሆነው። እንዲህ ያለ ዕቃ በርሮ የጎረቤት መስኮት ይገባል፣ ሰው ላይም ያርፋል። በረንዳ ላይ የምታሰጡት በርበሬና ልብስ እንዳይረሳ።

ቀጠሮ ያላችሁ ደውላችሁ ለውጡ። ሆስፒታል ቀጠሮ፣ የአየር ጉዞ፣ የፈረቃ ሥራ፣ ሁሉንም። እኔ አረጋውያን መንከባከቢያ ነው የምሠራው፣ አለቃዬ አውሎ ሲመጣ ማን ከድልድዩ ማዶ እንደሚኖር ቀድማ ትጠይቃለች፣ ፈረቃ እንቀያየራለን። እናንተም ሳትጠየቁ ንገሩ። እዚህ አገር ቀድሞ መናገር እንደ ስንፍና አይታይም።

ስድስት ሰዓት ሲቀር

ስልክና ፓወር ባንክ ሙሉ። ውሃ ቅዱ። ፔርሙዙን በፈላ ውሃ ሙሉ፣ አንዱን ለሻይ፣ ሌላውን ለሕፃን ወተት። ባትሪውን የምታውቁት ቦታ አድርጉ፣ በጨለማ እጃችሁን ዘርግታችሁ የምታገኙበት። መኪናውን ከዛፍ ስር አንሱ። አፍንጫውን ወደ ንፋሱ አዙራችሁ አቁሙ፣ በሩን ስትከፍቱ ንፋሱ መልሶ ይዘጋዋል እንጂ አይገነጥለውም። ጀርባውን ለንፋስ ከሰጣችሁት በሩ ከእጃችሁ አምልጦ ማጠፊያው ይጣመማል። ሲከፈት ሁልጊዜ በሁለት እጅ ያዙት። የሰፈሬ ጎረምሶች ይሄን ያስተማሩኝ እኔ በሬን ካጣመምኩ በኋላ ነው።

ንፋሱ ሲነሳ

ቤት ተቀመጡ። ማዕበል ለመቅረጽ ወደ ወደብ ግንብ ወይም ወደ ድንጋዩ አትውረዱ። ይሄን አጥብቄ ነው የምለምናችሁ። አሥር ማዕበል እግራችሁ ጋ ሳይደርስ ይመለስና አሥራ አንደኛው ከላያችሁ ያልፋል። በዚያ ቅዝቃዜ ውሃ የገባ ሰው ትንፋሹ ይቆራረጣል፣ እጁ በደቂቃዎች ውስጥ አልታዘዝ ይለዋል፣ ዋና መቻል ብቻውን አያወጣውም።

መብራት ከሄደ ሁላችሁም አንድ ክፍል ግቡ። ትንሹን ምረጡ፣ በሮቹን ዝጉ፣ ከበሩ ስር ፎጣ አድርጉ። የእንጨት ምድጃ ካለ እዚያ ክፍል። ፍሪጁን አትክፈቱ። ጋቢ አሁን ነው ሥራው።

አሁን በጣም አስፈላጊው። ከሰል ቤት ውስጥ አታቀጣጥሉ። ለቡናም፣ ለሙቀትም፣ ለዕጣንም። የኖርዌይ ቤት ንፋስ እንዳያስገባ ተደፍኖ የተሠራ ነው፣ አገር ቤት በጣራው ስንጥቅ ይወጣ የነበረው ነገር እዚህ መውጫ የለውም። የሚገድለው ጋዝ ሽታ የለውም፣ ጭስም አያሳይም፣ ራስ ምታትና እንቅልፍ ብቻ ይመጣል። የውጭ መጥበሻውንም ማስገባት ያው ነው። ቡናው በፔርሙዝ ይቆይ። ራሱን ያመመው ሰው ካለ ወዲያው ሁላችሁም ወደ ውጭ አየር ውጡና 113 ደውሉ።

ሻማም ቢሆን ጥልቅ ሳህን ላይ ይቁም፣ መጋረጃ አጠገብ አይሁን፣ አንድ ነቅቶ የሚያይ ሰው ይኑር። ኦሌሱንድ ከተማ ጃንዋሪ 23 ቀን 1904 ሌሊት በኃይለኛ ንፋስ መሀል እሳት ተነስቶ በአንድ ሌሊት ነው የወደመችው፣ 10,000 ገደማ ሰው ቤት አልባ ሆነ። ዛሬ መሀል ከተማዋ የምታዩዋቸው ባለ ጌጥ የድንጋይ ሕንፃዎች ከዚያ በኋላ የተሠሩ ናቸው። በንፋስ ጊዜ የተነሳ እሳትን የእሳት አደጋ መኪናም ይቸገርበታል።

ስልክ ቁጥሮቹን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ በር ላይ ለጥፉ፦ እሳት 110፣ ፖሊስ 112፣ አምቡላንስ 113። ለሞት የማያሰጋ ግን እስከ ጠዋት የማይቆይ ሕመም ከሆነ 116117።

የግድ መንዳት ካለባችሁ

መንገዱ ክፍት መሆኑን 175 ደውላችሁ ጠይቁ። ድልድይ በንፋስ ይዘጋል፣ ተራራ ላይ ያለው መንገድ በአጀብ ብቻ የሚታለፍበት ጊዜ አለ፣ ከበረዶ ጠራጊው መኪና ኋላ ተሰልፎ። ከዋሻ ስትወጡ ተጠንቀቁ። ዋሻ ውስጥ ንፋሱ ስለማይሰማ ሰው ይዘናጋል፣ አፉ ላይ ሲደርስ መኪናው ወደ ሌላው መስመር ይገፋል። ከመውጫው በፊት ቀንሱ፣ መሪውን በሁለት እጅ። ከፍ ያለ መኪና፣ ቫን፣ ባዶ ተጎታች የምትነዱ ይብስባችኋል። መኪና ውስጥ ብርድ ልብስ፣ ባትሪና ቆሎ አይጥፋ፣ ፌሪ ቆሞ ሌሊቱን ወረፋ ላይ ማደር አለ።

ማግስቱን

ሰማዩ ሲጠራ ሙቀቱ ይወርዳል፣ ሌሊት የረጠበው አስፋልት ጠዋት ብርጭቆ ይሆናል። በአውሎው ምንም ያልሆነ ሰው በማግስቱ ደጁ ላይ ወድቆ እጁን ይሰብራል። አሸዋ ወይም ጨው በትኑ፣ እንደ ሽማግሌ አጭር አጭር ርምጃ ሂዱ። የወደቀ ሽቦ ካያችሁ አትጠጉ።

የተጎዳ ነገር ካለ ሳታነሱ በፊት ፎቶ አንሱ፣ ለመድን ድርጅታችሁ በዚያው ቀን ጻፉ። እዚህ አገር የእሳት መድን ያለው ቤትና የቤት ዕቃ ለተፈጥሮ አደጋም ይሸፈናል፣ ብዙ ሰው ግን ስለማያውቅ አይጠይቅም። ተከራይ ከሆናችሁ የቤት ዕቃ መድኑን ራሳችሁ ነው የምትገቡት፣ የአከራዩ መድን የእናንተን ሶፋ አይከፍልም።

ብቻውን የሚኖር ጎረቤት ካላችሁ ሄዳችሁ በሩን አንኳኩ፣ አዲስ የመጣ ሐበሻ ካለ ደግሞ ደውሉለት፣ ውሃ ቀድቷል ወይ በሉት። የረጠበውን ሱፍ ዘርጉ። ከዚያ ዩርን ክፈቱ፣ ከአይስላንድ በኩል ሌላው እየመጣ ሊሆን ይችላል፣ ጀሪካኑን አጥባችሁ መልሳችሁ ሙሉት።